ጥንቸሏን ያስቀሩ ሽማግሌዎች

ከሐይቅ ወደ ውጫሌ በሚሄደው ሚኒባስ፣ ከኋላዬ አንዲት ሴትና አንድ ጠና ያሉ ሰውዬ ያወራሉ።

«የወንድምዎ ልጆች ታረቁ እንዴ ጋሼ?»

«እነሱማ ከታረቁ ሰነበቱ፣ አልሐምዱሊላህ።»

«ለመሆኑ በምን ተጣሉ?»

«በቪዲዮ ጌም። ከድልድይ ድልድይ የምትዘል ጥንቸል ናት። ታላቅየው በድሮው፣ ካሴት በሚጎርሰው ማጫወቻ ነው የሚጫወት፤ ታናሽየው በአዲሱ።»

«ጥንቸሏ አንድ አይደለች?»

«አንድ ናት። በድሮው ግን ከወደቀች እንደገና ከመጀመሪያው ነው። በአዲሱ እዚያው ከወደቀችበት ትነሳለች። ታላቅየው ‹ይሄማ ማጭበርበር ነው› አለ፣ ተኮራረፉ።»

«አጀብ ነው! ከዚያስ?»

«ሐጂውና ቄሱ ለሽምግልና ተቀመጡ። ሳናይ አንፈርድም ብለው ሁለቱንም ማጫወቻ አስመጡ።»

«ደግ አደረጉ።»

«ይኸው እስካሁን እያዩ ነው።»

«ልጆቹ ታርቀው የለ?»

«‹ታርቀናል፣ ዕቃችንን መልሱልን› ቢሏቸው፣ ‹እርቅ በጥድፊያ አይሆንም› ብለው ሌላ ቀጠሮ ሰጧቸው።»

«ወላሂ ነውር ነው! አንድ ሰው ሄዶ ይንገራቸው እንጂ።»

«እኔው ተልኬ ነበር እኮ፣ ባለፈው ጁምዓ።»

«ታዲያ ምን አሉ?»

«መጀመሪያ ራስህ እየው አሉኝ።»

«እሺ?»

«የመጨረሻው ድልድይ ላይ ወደቀችብኝ።»

«አሁንስ ወዴት ነዎት?»

«ወደዚያው ነኛ! የሰው ጉዳይ በእንጥልጥል ትቼ እንዴት እቀመጣለሁ?»

መውረጃዬ ደርሶ ነበር፤ እኔ ግን «ወራጅ አለ» አላልኩም።