ሁለት እጅ ቢጫ ቀለም

— ሄሎ... ሄሎ፣ ማን ልበል?... አንተ ነህ እንዴ ወንድምዬ? ይሄ የማን ስልክ ነው?... የአጎታችን። ቆይ፣ ጮክ በል፣ ጋራዥ ውስጥ ነኝ... በያጁ፣ እባክህ መፍጫውን አንዴ አጥፋልኝ፤ ከቤት ነው የተደወለው... እሺ፣ አሁን ንገረኝ። እማዬ ደህና ናት?... ተመስገን። ታዲያ ምን ያስቅሃል?

— ምን ገዛሁ አልክ?... እስካቫተር? ያ መሬት የሚቆፍረው?... ትንሿን። ያገለገለች።... መቼ?... ትናንት ገዝተህ ዛሬ ነው የምትነግረኝ?

— አይ፣ አልተቆጣሁም። ምን ያስቆጣኛል? ሃያ ሁለት ዓመት የእነዚህን ማሽኖች ሆድ ዕቃ ስዘረግፍ ኖርኩ እንጂ ሌላ ምን ሠራሁ። የማላውቀው ሰው ከሩቅ ደውሎ «አንቺ ካላየሽው አልገዛም» ይለኛል። የእናቴ ልጅ ግን እኔን ዘሎ ሌላ ባለሙያ ይዞ ይሄዳል። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ያለው ሰው አልተሳሳተም።

— እኮ ማንን ይዘህ ሄድክ?... አጎታችንን? ኧረ ጉድ ነው። አጎታችን እኮ ዕድሜ ልካቸውን አውቶብስ የነዱ ሰው ናቸው። እሳቸው የሚያውቁት መሪ ነው፣ ይሄ ደግሞ መሪ የለውም።... ጎማውን ረገጥ ረገጥ አደረጉት? ጎማም የለውም ወንድምዬ፣ ሰንሰለት ነው።... እሺ፣ ሰንሰለቱን ረገጡት። ሰንሰለቱስ ምን መለሰላቸው?

— አቤት ጌታዬ?... አይ፣ ወንድሜ ነው። ማሽን ገዝቶ፣ ያው ተሸውዶ ነው።... እሺ፣ ጨርሼ እመጣለሁ... አለቃዬ ናቸው። አትስማቸው፣ ይስቁብሃል።

— አሁን የምጠይቅህን ብቻ መልስ። ስትደርሱ ሞተሩ ቀዝቃዛ ነበር ወይስ ሞቆ ነበር የጠበቃችሁ?... እጅህን አላስጠጋህም። ሲነሳስ?... በአንድ ቁልፍ። በአንድ ቁልፍማ ይነሳል፤ እናንተ ሳትደርሱ አስነስተው ሲያሞቁት ነው የቆዩት። የሞቀውንማ ማን ያቅተዋል።... ከዚያ ሻይ ጋበዟችሁ።... ሁለት ሁለት ብርጭቆ። ደግ ሰዎች ናቸው በለኛ።

— ክንዱን ወደ ላይ ሰቅላችሁ፣ ሞተሩን አጥፍታችሁ ጠበቃችሁ? ቀስ እያለ ይወርድ እንደሆነ?... አልጠበቃችሁም። ፒኖቹንስ?... ፒን፣ ክንዱ የሚታጠፍበት ላይ ያለው ወፍራም ብረት... ግራሶ በግራሶ ነበር? ይኸውልህ። ፒኑ ተበልቶ ሲላላ ክፍተቱ እንዳይታይ ግራሶ ይጠቀጥቁበታል።... እንዴት አውቃለሁ? ሥራዬ ነዋ።

— ምን?... ታብረቀርቃለች። ቢጫ። አሁን የተቀባች።... ወንድምዬ፣ ጭቃ ውስጥ የምትውል ማሽን ለምን ትቀባለች? ልትዳር ነው? ከቀለሙ ሥር የተሰነጠቀ ነገር ቢኖር ነው እንጂ። አንጀቴን አሳረርከው እኮ።... አይ፣ በአንተ ብቻ አይደለም። ያቺን ማሽን አሳምሮ ለሽያጭ ያቆመውን ሰው አለማግኘቴ ነው የሚቆጨኝ። ከክንዱ ሥር ነገ የማን ልጅ እንደሚቆም አያስብም? እናት የለችውም? ሲቀባ እጁ አይንቀጠቀጥም? እማዬ ሁልጊዜ የምትለው ነው፦ ጉድጓድ ስትምስ አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አታውቀው።

— እና ለምን አልነገርከኝም?... «እምቢ ትያለሽ ብዬ»። አዎ፣ እምቢ እላለሁ።... ለእማዬ መሆኑን አውቃለሁ። ከጓሮ የሚወርደው ጎርፍ መኝታ ቤቷ እየገባ፣ ሁለት ክረምት አልጋዋን ድንጋይ ላይ ሰቅላ እንደተኛች እኔም አውቃለሁ። ቦዩን በእጃችን እንቆፍራለን ብለን ስንቀጣጠር ከረምን፤ የቀረሁት እኔ ነኝ፣ እሺ፣ ጥፋቴ ነው።... ከቦዩ በኋላ የሽንት ቤቱን ጉድጓድ፣ ከዚያ የአጥሩን መሠረት። ጥሩ አስበሃል። ሐሳቡ ላይ ጠብ የለኝም።

— ሄሎ?... ሄሎ፣ ትሰማኛለህ? ያ የሚያጓራው ምንድን ነው?... ጀመራችሁ? ላዩ ላይ ማን ነው ያለው?... አጎታችን። መሪ እየፈለጉ ይሆናል።... እማዬስ?... ወንበር አውጥታ እያየች ነው። የት ጋ?... ግድግዳው ጥግ።... ደስ ብሏት ታጨበጭባለች? ማሽኗ ትሥራ እስኪ፣ ለእማዬ አይደል።

— አጎታችን ምን አሉ?... «የተበየደ ብረት ከአዲሱ ይጠነክራል»? የምን ብየዳ?... ክንዱ ላይ። ይሄን እስካሁን አልነገርከኝም።... በውስጥ በኩል ነው? በግራ? ከአካፋው ከፍ ብሎ?... ጠጋ አትበል፣ ካለህበት ሆነህ እይ። አንድ ረጅም መስመር ነው ወይስ... ሦስት አጫጭር። ጎን ለጎን።

— አለሁ። አልተቋረጠም፣ አለሁ።

— ስማኝ ወንድምዬ። አሁን አትጠይቀኝ። አጎታችንን ክንዱን መሬት ያስነኩና ሞተሩን ያጥፉ በላቸው። ከዚያ እማዬን ከግድግዳው ጥግ አንሳት። ከነወንበሯ። ስልኩን አትዝጋው።... አይ አንተ፣ በኋላ ትጠጣዋለች ሻዩን፣ አንሳት አልኩህ።

— ...

— ሞተሩ ጠፋ? ጸጥ አለ። እማዬስ?... እጇን ይዘሃታል። ጎሽ። እጇን አትልቀቀው።... ከማን ነው የገዛችሁት?... ደላላ። ደላላውስ ከየት አመጣት?... «ከአንድ ጋራዥ»። እሺ። አሁን ወደ ማሽኗ ኋላ ዙር። ከመቀመጫው ሥር ሁለት ጥቁር ቱቦ አለ። አንደኛው ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሯል?

— አለ አልክ።

— እንዴት አወቅሽ አትበለኝ። ቆይ... እማዬ ናት የምትናገረው? ምን እያለች ነው?... ማሽኑን የቀባውን ሰው?... እጁን ምን ያርገው?... አስቁማት። አፏን ያዝልኝ። እንዳትጨርሰው በላት ወንድምዬ፣ የእናት እርግማን ሜዳ አይወድቅም።

— ለምን ትለኛለህ። እጁ የእኔ ነው።

— የእኔ ነው አልኩህ። ጨርቁ ከድሮው ቱታዬ የተቀደደ ነው። የማላምነውን ቱቦ በቀይ ጨርቅ አስራለሁ፣ ቀጥሎ የሚነካው መካኒክ እንዲጠነቀቅ። ለመካኒኩ አሰብኩ። ለገዢው ግን አላሰብኩም። ክንዱ እስከ ውስጥ ተሰንጥቆ ነበር፣ በዓይኔ አይቼዋለሁ። መቀየር አለበት ብዬ ለአለቃዬ ተናገርኩ፤ ላዩን በይጂውና አሳምሪው አሉኝ። እንደ ልማዴ በሦስት አጫጭር መስመር በየድኩት። ግራሶውን የጠቀጠቅሁት እኔ ነኝ። ሁለት እጅ ቢጫ ቀለም የቀባሁት እኔ ነኝ፤ የመጀመሪያው እጅ ስንጥቁን አልደብቅ ቢለኝ ደገምኩት። ማን ይገዛው ይሆን ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅሁም።

— ሄሎ... ትሰማኛለህ?... ተሳደብ እንጂ። እስካሁን ስሳደብ የነበርኩት እኔ ነኝ፣ አሁን ተራው ያንተ ነው።... አትሳደብም። እሱ ነው የባሰው።

— ቆይ አንዴ... ጌታዬ፣ ወዲህ ይምጡ እስኪ። ያችን የተሰነጠቀች ትንሽ ቢጫ ማን እንደገዛት ያውቃሉ?... ወንድሜ። እናቴ ከክንዷ ሥር ወንበር ዘርግታ ተቀምጣ ነበር።... አይ፣ አይቀመጡ፣ ንግግሩ አጭር ነው። መጋዘን ውስጥ ከተፈታችው ማሽን የተረፈው ደህናው ክንድ ዛሬ መኪና ላይ ይጫናል። እኔ ይዤው እሄዳለሁ፣ እኔው እገጥመዋለሁ።... የተሸጠው የተሸጠ ነው? እንግዲያው ከነገ ጀምሮ በርዎ ላይ ቆሜ ለሚመጣው ገዢ ሁሉ የትኛው ማሽን ላይ ምን እንደበየድኩ አንድ በአንድ እናገራለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ነው፤ ብዙ አውቃለሁ።... ይጫን? ጥሩ። በያጁ፣ ሰምተሃል፣ ይጫን ብለዋል።

— ወንድምዬ፣ አለህ? ቁልፉን ነቅለህ ኪስህ ክተተው። ለአጎታችን እንዳትሰጣቸው። ሲመሽም ቢሆን እደርሳለሁ። አዲስ ቱቦም አመጣለሁ።

— ማን?... እማዬ ልታናግረኝ ትፈልጋለች?... ሰማች እንዴ?... የእኔ እጅ መሆኑን አልነገርካትም። አትንገራት፣ ፊቷ ቆሜ እኔው እነግራታለሁ። አይ... ስልኩን አትስጣት፣ አሁን ድምፄ...

— አቤት እማዬ።... ደህና ነኝ።... አዎ፣ እየመጣሁ ነው።... እማዬ፣ ቅድም የጀመርሽው እርግማን... ጨርሰሽዋል?

— አልጨረስሽውም።... እሺ እናቴ። ማን እንደቀባው ስመጣ እነግርሻለሁ።