ከመቀመጫው ሥር የተገኘው ጂፒኤስ

(ሐርቡ፣ ከሰዓት በኋላ። የከብት ክትባት ሠራተኛዋ ዘምዘም የሞተር ሳይክሏን መቀመጫ ፈታ ሽቦዎቹን ስትነካካ ባሏ ይመር በጓሮ በር ይገባል።)

ይመር፦ ተይው! ፒንሳውን አስቀምጪ አልኩሽ!

ዘምዘም፦ አላስቀምጥም። ይኼ ጥቁር ነገር ምንድን ነው?

ይመር፦ ጂፒኤስ ነው። ሞተርሽ ቢሰረቅ ያለበትን በስልኬ የሚያሳየኝ።

ዘምዘም፦ ታዲያ ለምን አልነገርከኝም? ሌባው እንዳይሰማ ነው?

ይመር፦ ረስቼው ነው።

ዘምዘም፦ መቀመጫ ፈተህ፣ ሽቦ ቀጥለህ፣ በጥቁር ፕላስተር ጠቅልለህ ደብቀህ... ረሳኸው?

ይመር፦ ቢሆንስ ምን ጎዳሽ?

ዘምዘም፦ ቀጥታ ባትሪው ላይ ነው ያሰርከው። ሞተሩ ቆሞም ይበላል! ሁለት ቀን ተራራው ላይ በእግሬ እየዞርኩ ስከትብ ሰነበትኩ። በሦስተኛው ቀን ወደሚቀጥለው ቀበሌ ልሂድ ብል ባትሪው ሙት። ረገጥኩት፣ ገፋሁት፣ ወይ ፍንክች! የክትባት ሳጥኑ በረዶ ቀለጠ፣ ክትባቱ ተበላሸ። ሰዉ ፍየሉን ይዞ ከንጋት ጀምሮ ሲጠብቀኝ ዋለ።

ይመር፦ እኔ ባትሪ ይጨርሳል ብዬ መች አሰብኩ...

ዘምዘም፦ ምን ብለህ ነው ያሰብከው? እውነቱን ንገረኝ።

ይመር፦ ሰው ያወራል። ሚስትህ መስክ እያለች ውጭ ታድራለች፣ ከማን ጋር እንደሆነ ታውቃለህ ወይ ይሉኛል።

ዘምዘም፦ አንተስ ምን አልካቸው?

ይመር፦ ትቻቸው ሄድኩ።

ዘምዘም፦ ለእነሱ መልስ አጣህ፤ መጥተህ የኔ ሞተር ላይ ሽቦ ቀጠልክ።

ይመር፦ በቃ፣ አጠፋሁ። ነቅለሽ ጣይው።

ዘምዘም፦ አልነቅለውም። ገደል ብገባ ያለሁበትን የሚያውቅ ሰው ያስፈልገኛል። ቁልፍ ሲከፈት ብቻ ኃይል ወደሚያገኘው ሽቦ እያዛወርኩት ነው፤ ፊውዝም ጨምሬበታለሁ። አሁን ስልክህን አምጣ።

ይመር፦ ስልኬን ደግሞ ለምን?

ዘምዘም፦ መከታተያው ካንተ ስልክ ላይ ይጠፋል። አብራኝ በምትሠራዋ በከድጃ ስልክ ላይ ይገባል።

ይመር፦ እኔ ባልሽ ቁጭ ብዬ ለባዳ?

ዘምዘም፦ ባዳዋ አልጠረጠረችኝም። አምጣ!

ይመር፦ እንኪ... ከእንግዲህ የት እንዳለሽ በምን አውቃለሁ?

ዘምዘም፦ ትጠይቀኛለህ።

ይመር፦ ብጠይቅሽስ እውነቱን ትነግሪኛለሽ?

ዘምዘም፦ ስድስት ዓመት አብረን ስንኖር፣ ከመስክ ስመለስ አንድ ቀን እንኳ የት ዋልሽ፣ እንዴት አደርሽ ብለህ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?