ለእማማ አልጋ የተመረጠው ካቻቢቴ

በሰፈሩ ውስጥ ስለ መሣሪያ ከዚህች ተማሪ የበለጠ የሚያውቅ ሰው የለም። ይህን የምትለው ራሷ ናት፤ ሌላ ሰው ሲል ተሰምቶ አያውቅም። በስልክ ያየቻቸው የጥገና ቪዲዮዎች የሰፈሩን ቤት ሁሉ አፍርሶ መልሶ ለመሥራት ይበቃሉ፤ በገዛ እጇ ያጠበቀችው ብሎን ግን እስከዚያች ሐሙስ ድረስ አንድም አልነበረም። አፏ ስለማያርፍ ሴት አያቷ እማማ “ሬዲዮ” ብለው ስም አውጥተውላታል። ስሙ ከቤት ተነስቶ ትምህርት ቤት ደርሷል፤ ዘንድሮ መምህሩ ስም ሲጠሩ አፋቸውን አዳልጧቸው “ሬዲዮ” ቢሏት “አቤት!” ብላ ተነስታለች።

ሐሙስ ትምህርት ግማሽ ቀን ነው። ወደ ቤት ስትመለስ ክሊኒኩ በር ላይ ከአባባ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ወንድ አያቷ አባባ ጡረታ የወጡ አናጺ ናቸው። ጠዋት “ጓደኛዬን ልጠይቅ” ብለው ነበር የወጡት። እሷን ሲያዩ ቀኝ እጃቸውን ቶሎ ወደ ኮት ኪሳቸው ሊከቱ ሞከሩ፤ በነጭ ፋሻ የተጠቀለለው እጅ ግን ዳቦ አክሎ ኪስ አልገባ አለ።

“አባባ! ጓደኛዎ ሐኪም ሆነ እንዴ?”

“ቀስ በይ! ድምፅሽን ቀንሺ።”

“እጅዎ ምን ሆነ?”

“ምንም አልሆነ። ካቻቢቴ ስጠመዝዝ ወለም ብሎት ነው። ሐኪሙ ‘ሦስት ሳምንት ምንም ነገር እንዳይጠመዝዙ’ አለኝ። እጅ ካልጠመዘዘ ታዲያ ለምን ተሰጠን?”

“ለሰላምታ” አለች ሬዲዮ።

ነገሩ ግን የቀልድ አልነበረም። እማማ ዳሌያቸው ተሰብሮ ሆስፒታል ከተኙ ከወር በላይ ሆኗቸው፣ በማግስቱ ቀትር ላይ ሊወጡ ነው። ዝቅ ያለ አልጋ ያስፈልጋቸዋል ስለተባለ ተገጣጣሚ አልጋ ተገዝቶ ከነካርቶኑ ሳሎን ውስጥ ተጋድሟል። የቤቱ የመጀመሪያ ልጅ የሆነችው አክስቷ ደግሞ ቁርጡን ተናግራለች፤ “ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መጥቼ አያለሁ። አልጋው ካልቆመ እናቴን ከሆስፒታል በቀጥታ ወደ እኔ ቤት ነው የምወስዳት።” የአክስቷ ቤት ከከተማው ሌላኛው ጫፍ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አሳንሰር የለውም። እማማ እዚያ ከወጡ መቼ እንደሚወርዱ አይታወቅም። አባባ አርባ ሦስት ዓመት አብረዋቸው ከኖሩት ሰው ጋር በስልክ ሊገናኙ ነው።

“አልጋው ስንት ብሎን አለው?” አለች፣ ጎን ለጎን እየሄዱ።

“ሃያ ስምንት።”

“በግራ እጅዎ ሊያጠብቁት ነው?”

“በጥርሴም ቢሆን አጠብቀዋለሁ።”

“ጥርስዎ እኮ ብርጭቆ ውስጥ ነው የሚያድረው አባባ።”

“አንቺ ባለጌ!” አሉ፤ ግን ሳቃቸው አመለጣቸው።

“እንዳይቆጡኝ፣ አንድ ነገር ልበል? በባትሪ የሚሠራ ካቻቢቴ እንግዛ። ቁልፉን ሲጫኑት ራሱ ይዞራል፤ የእርስዎ እጅ መያዝ ብቻ ነው።”

አባባ ቀጥ ብለው ቆሙ። “ስሚኝ ልጄ። አርባ ዓመት በካቻቢቴ ወንበር ሠርቻለሁ፣ በር ሰቅያለሁ። ለምን አንድም ቀን ተመልሶ የመጣ በር እንደሌለ ታውቂያለሽ? ብሎን ይናገራል። ሲጠብቅ በመዳፍሽ በኩል ‘በቃኝ’ ይልሻል። ማሽን ጆሮ የለውም፤ እንጨቱ እስኪሰነጠቅ ያዞረዋል።”

“ሳሙና የሚያበሉትም እንዲናገር ነው?”

ይህን ያለችው ያለ ምክንያት አይደለም። አባባ ማንኛውንም ብሎን እንጨት ውስጥ ከማስገባታቸው በፊት ሳሙና ላይ ያሹታል፤ ሳሙና የቀመሰ ብሎን ሳያስቸግር ይገባል። በዚህ የተነሳ የዚያ ቤት የፊት ሳሙና መታጠቢያ ቤት ሳይሆን መሣሪያ ሣጥን ውስጥ ነው የሚገኘው። ሰው ፊቱን ሊታጠብ ሲል የብሎን ጥርስ ያረፈበት ሳሙና ጉንጩን ይፍቀዋል።

“በሳሙናዬ አትምጪብኝ” አሉ አባባ።

“እሺ፣ በሌላ ልምጣ። ድሮ ልብስ የሚያጥቡት እማማ ነበሩ፣ በእጃቸው። ማጠቢያ ማሽን ሲገዛ እርስዎ ‘ልብስ ይናገራል፣ በእጅ ይሁን’ ሲሉ አልሰማሁም።”

“ያ ሌላ ነው።”

“ሌላ የሆነው እጁ የእማማ ስለነበረ ነው?”

አባባ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሽማግሌ ጉሮሮውን ሲጠርግ ግማሹ ክርክር አልቋል ማለት ነው። ቀሪውን ግማሽ ለመርታት ግን ዝም ብሎ አጠገቡ መሄድ ይበቃል። ሬዲዮ ዝም ማለት ስለማይሆንላት እስከ መሣሪያ ሱቁ ድረስ ስለ ባትሪ አስተማረቻቸው፤ ከተናገረችው ግማሹ ትክክል ነበር።

ባለሱቋ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰካች ሴት ናት። ሬዲዮ ገና ሰላምታው ሳያልቅ ከመደርደሪያው ላይ ትልቁን፣ ሽጉጥ የሚመስለውን ማሽን አነሳች።

“ይሄን ነው የምንፈልገው! የሁሉም አለቃ ነው።”

“ለምን ሥራ ነው?” አለች ባለሱቋ።

“ለአልጋ።”

“አልጋውን ልታፈርሱት ነው?”

አባባ በደስታ ሳል ያዛቸው። ሬዲዮ ግን አልተበገረችም፤ መሞከሪያ ጣውላ ላይ ብሎን አቁማ ቁልፉን ተጫነችው። ማሽኑ አጓራ፣ ብሎኑ ጭንቅላቱ ድረስ ሰመጠ፣ ጣውላው ጧ ብሎ ለሁለት ተከፈለ።

“አላልኩሽም?” አሉ አባባ። “ጆሮ የለውም!”

ባለሱቋ የተሰነጠቀውን ጣውላ አንስታ ወደ ጎን አደረገችው። “ጥፋቱ የማሽኑ አይደለም አባቴ። ሰው ሱቅ ሲገባ ‘የትኛው ይበረታል?’ ብሎ ይጠይቃል። መጠየቅ ያለበት ‘ምን ልሠራበት ነው?’ ብሎ ነው። ይሄ ግድግዳ ለሚበሳ ሰው ነው። እስቲ በዚያኛው እጅዎ ይያዙት።”

አባባ በደህናው እጃቸው ያዙት። ክንዳቸው ወደ ታች ሄደ።

“ለቤት ሥራ የሚሆን መሣሪያ እጅን ካደከመ ዋጋ የለውም” አለችና ከመሳቢያ ሁለት ሌሎች አወጣች። አንዷ እንደ እስክሪብቶ የቀጠነች ናት። “ይቺ ለመነጽርና ለስልክ ናት፤ አልጋ ላይ ብትሠማራ ታለቅሳለች። ይቺ መካከለኛዋ ግን ለእርስዎ ናት። ግማሽ ኪሎ አትሞላም። እጀታዋ ወፈር ስለሚል ጣት ሳይጨብጥ ይይዛታል። ለአልጋ፣ ለቁምሣጥን፣ ለበር ማጠፊያ ትሆናለች። ለሲሚንቶ ግድግዳ ግን አትሆንም፤ ይህን ከአሁኑ ልንገርዎት፣ ኋላ እንዳይወቅሱኝ።”

“ጫፏስ?” አሉ አባባ፤ ሳያውቁት መጠየቅ ጀምረው ነበር።

“ይቀያየራል። የብሎኑን አፍ ሞልቶ የሚቀመጠውን መምረጥ ነው፤ ከጠበበ የብሎኑን ራስ ይበላዋል። ይቺ ቁልፍ ደግሞ አቅጣጫ ትቀይራለች፤ ወዲህ ስትሆን ታጠብቃለች፣ ወዲያ ስትሆን ትፈታለች።”

“እሱን እናውቃለን” አለች ሬዲዮ፣ ሳታይ።

“ባትሪው ሲያልቅስ?” አሉ አባባ።

“ዝም ትላለች አባቴ። በስልክ ቻርጀር ይሰኳታል፣ ትነሳለች።”

ባለሱቋ ማሽኗ አንገት ላይ ያለውን፣ ጉልበቷን የሚወስነውን ባለ ቁጥር ቀለበት ሦስት ላይ አድርጋ ሰጠቻቸው። አባባ በግራ እጃቸው ይዘው አዲስ ጣውላ ላይ አሳረፏት። ትርርር አለች። ብሎኑ ገባ፣ ገባና ጭንቅላቱ ልክ ጣውላው ላይ ሲደርስ መዞሩን ተወችና፣ ጠቅ ጠቅ ጠቅ።

“ምንድነው የምትለው?”

“በቃኝ እያለች ነው። ካዘዟት በላይ አታጠብቅም።”

አባባ ጆሯቸውን አስጠጉ። አንድ ሌላ ብሎን አስገቡ። ጠቅ ጠቅ ጠቅ። ፊታቸው ላይ፣ የሞተ ጓደኛቸው በሌላ ሰው ድምፅ የጠራቸው ዓይነት ነገር ታየ።

“ትናገራለች” አሉ ቀስ ብለው። ከዚያም ወዲያው ኮስተር ብለው፤ “ገዛናት ማለት አመንናት ማለት አይደለም።”

ቤት ሲደርሱ ሥራው እንደ ጨዋታ ሄደ። ሬዲዮ እንጨቱን ትደግፋለች፤ አባባ በወስፌ ቀዳዳውን ያመለክታሉ፣ ብሎኑን ሳሙና ያቀምሱታል፣ በግራ እጃቸው ያስገቡታል። የታመመው እጅ ጉልበታቸው ላይ ተጋድሞ እንደ እንግዳ ይመለከታል። ሃያ ስምንተኛው ብሎን ጠማማ ገብቶ ስለነበር አቅጣጫ ቀይረው ነቀሉትና በአሮጌው ካቻቢቴ በግራ እጃቸው ቀስ ብለው አስተካከሉት፤ “ይሄኛው የኔ ነው” አሉ። አልጋው ቆመ። አባባ ካርቶኑን ሊጥሉ ወጡ።

እዚህ ላይ ሬዲዮ ብትቀመጥ ኖሮ ታሪኩ እዚህ ያልቅ ነበር። እሷ ግን ቀኑን ሙሉ ስለ እሱ ስታስተምር የዋለችውን ማሽን አንድ ጊዜ እንኳ አልጋው ላይ አልሞከረችውም። “ለጥንቃቄ ብሎኖቹን ትንሽ ላጥብቃቸው” ብላ አልጋው ሥር ገባች። የማሽኗ መብራት እያበራላት፣ በየብሎኑ ላይ አንድ አንድ ትርር አደረገች። በሥራዋ ኮርታ ስትወጣ አክስቷ በሩን አንኳኳች፤ አባባም ከኋላዋ ገቡ።

አክስቷ የአውቶቡስ ትኬት ተቆጣጣሪ ናት፤ ያላየችውን አታምንም። አልጋውን ዞራ አየችው፣ ነካ ነካ አደረገችውና ሙሉ ክብደቷን ይዛ ተቀመጠች።

አልጋው አንድ ጊዜ አቃሰተ። ከዚያ አክስቷ ከነቦርሳዋ ወለል ላይ ነበረች፤ የአልጋው ራስጌ ብቻ ቆሞ ያያታል።

“አባዬ!” አለች ከወለሉ ላይ። “እናቴን እዚህ ላይ ነው የማስተኛት? የተሰበረው ዳሌ አይበቃትም?” ስልኳን ከቦርሳዋ አወጣች። “በቃ፣ ነገ ወደ እኔ ቤት ነው። ለሆስፒታሉ ልደውል።”

ሬዲዮ ከወለሉ ላይ አንድ ብሎን አንስታ ከጀርባዋ ደበቀች። አባባ ግን ጎንበስ ብለው ማሽኗን አነሱና አቅጣጫ የምትቀይረውን ቁልፏን አዩ። የልጅ ልጃቸውንም አዩ።

“አንቺ ነሽ?”

“እኔ... ለጥንቃቄ ብዬ...”

“የት ነው ያለው ቁልፉ?”

“ወዲያ” አለች፣ በማይሰማ ድምፅ።

“እና ይሄ ኮተት ነው አልጋ የሚሠራው?” አለች አክስቷ። “አባዬ፣ እርስዎ እኮ የእጅ ሥራ የሚያውቁ ሰው ነዎት!”

ጠዋት ቢሆን ኖሮ አባባ ይህን ሲሰሙ ደስ ይላቸው ነበር። አሁን ግን ተቆጡ።

“ማሽኗን አትንኪብኝ! የታዘዘችውን ነው የሠራችው። ፍቺ ተባለች፣ ፈታች። እኔም ካቻቢቴን ወደ ግራ ባዞር ይፈታል። ጥፋቱ ሳያዩ የሚያዙት ላይ ነው፤ ስልኩን አስቀምጪና ሰዓትሽን ያዢ።”

አክስቷ ሰዓቷን ያዘች። ሬዲዮ ሳትታዘዝ እንጨቱን ደገፈች፣ ብሎኖቹን ከወለሉ ለቀመች፣ አንድ በአንድ ሳሙና ላይ አሸች። ትርርር፣ ጠቅ ጠቅ። ትርርር፣ ጠቅ ጠቅ። ምድጃ ላይ ሻይ ቢጣድ ሳይፈላ አልጋው ቆመ። አክስቷ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ተነሳች። እንደገና ተቀመጠች። በሦስተኛው ዘለለች፤ አልጋው ቃል አልተነፈሰም።

“እጅዎን አላመመዎትም?” አለች፣ ፋሻውን ገና አሁን እያየች።

“ምኑ ይታመማል? ጉልበቴ ላይ ተኝቶ ነው የዋለው። የልብስ ማጠቢያው ማሽን ሲገባ ለእናትሽ ደስ አለኝ፣ ለራሴ ግን ኩራት ያዘኝ፤ ይቺን ከአሥር ዓመት በፊት ብገዛ ኖሮ ክሊኒክ ምን ይወስደኝ ነበር? የሚሠራውን የሚያውቅ እጅ ማሽን ቢይዝ ሙያው አይቀንስም፤ ዕድሜው ይረዝማል እንጂ። ሳሙናዬን ግን አልተውም።”

አክስቷ “እስቲ ልያት” አለች። ከዚያ በኋላ ማሽኗን ከእጇ የሚያስጥላት ጠፋ። የድስቱን እጀታ አጠበቀች፣ የቁምሣጥኑን ማጠፊያ አጠበቀች፣ ለሁለት ዓመት ሲወዛወዝ የኖረውን የመታጠቢያ ቤት በር መያዣ አጠበቀች። ለሆስፒታሉ ግን ሳትደውል ሄደች።

በማግስቱ እማማ በሁለት ሰው ተደግፈው ገቡ። አልጋው ላይ ተቀመጡ፤ እግራቸው ወለሉን ነካ። ፍራሹን በመዳፋቸው ጫን አደረጉት፣ ዞር ብለው አባባን አዩና ትራሱን ጠጋ አደረጉላቸው። አባባም ተቀመጡ። ወር ሙሉ ባዶ የነበረው ክፍል ሞላ።

ሬዲዮ ከዚህ በላይ መታገሥ አልቻለችም። መሃል ላይ ቆማ ማሽኗን ከፍ አደረገች።

“እማማ፣ ይህን አልጋ ያቆመችው ይቺ ናት! የመረጥናትም አስበንበት ነው። አንደኛ ቀላል ናት፣ እጅ አትጎዳም። ጉልበቷ በቁጥር ይታዘዛል፣ እንጨት አትሰነጥቅም። አቅጣጫ ትቀይራለች፤ እሱን ሁልጊዜ ቀድሞ ማየት ነው፣ አንዳንድ ሰዎች ይሳሳታሉ። መብራት አላት፣ በስልክ ቻርጀር ትሞላለች፣ ባትሪዋ ሲያልቅም ዝም ትላለች። ስለዚህ ሰው አዲስ ነገር ሲመጣ ከመናቁ በፊት መጠየቅ፣ ከጠየቀም በኋላ መምረጥ...”

እማማ በትዕግሥት አዳመጧት።

“ባትሪዋ ሲያልቅ ዝም ትላለች?” አሉ።

“አዎ እማማ! ወዲያው!”

“ያንቺ መቼ ነው የሚያልቀው?”