ቫልዲስ ያስማለኝ ነገር

ሄሎ? … አዎ፣ የፕሮድሮሞስ ቤት ነው። ማን ልበል? … ኢልዜ! የቫልዲስ ልጅ! ከላትቪያ ነው የምትደውዪው? … ግሪክኛሽ እንዴት አምሯል እባክሽ!

— ዲያማንዶ! ኢልዜ ናት! … እሺ፣ እሺ፣ እላታለሁ!

ሚስቴ ናት፣ ከጓሮ የምትጮኸው። በለሱ ደርሷል፣ አባትሽ የዛሬ ዓመት እመለሳለሁ እንዳለኝ ይመጣል ወይ በላት ትለኛለች። እግሩስ ዳነ? የጥንቱን ከተማ ፍርስራሽ አይተን ዛሬውኑ እንመለሳለን ብላችሁ፣ እሱ ከድንጋዩ ቲያትር ደረጃ ወድቆ እኛ ቤት አሥራ አንድ ቀን ከረማችሁ አይደል! … ሄሎ? ትሰሚኛለሽ? … አባትሽ ምን ሆነ?

… አረፈ? መቼ?

… ሦስት ሳምንት? … አይ፣ አልቆጣሽም ልጄ። መናገር እንዴት እንደሚከብድ አውቃለሁ። … አልቅሺ፣ አልቅሺ። እዚሁ ነኝ።

— ምንም አይደለም ዲያማንዶ! መስመሩ እየተቆራረጠ ነው! … ደህና ነው፣ ሰላም ብሎሻል!

እ? … አዎ፣ ዋሸኋት። ምን ላድርግ? ልጃችንን ስትራቲስን ባሕር ከወሰደብን ወዲህ ስትስቅ የሰማኋት አባትሽ እዚህ በነበረ ጊዜ ብቻ ነው። ቁርጭምጭሚቱን ስታስርለት፣ በዚያ በሰባራ ግሪክኛው «ያ ራስ የሌለው ሐውልት ነው ገፍትሮ የጣለኝ፣ ክሰሱልኝ» ሲላት፣ ሳቋ አላስቆም ብሏት ግድግዳ ይዛ ነበር። አሁን ምን ብዬ ልንገራት?

… ምን አልሽ? … ሐኪሞቹ ከዓመት በፊት ነግረውት ነበር? … አንቺን ግን ደበቀሽ።

ኢልዜ … ቆመሻል? ተቀመጪ እስቲ። … እኔ አውቅ ነበር።

… አዎ። ልትሄዱ ሁለት ቀን ሲቀራችሁ ነው። አንቺና ዲያማንዶ ገበያ ወርዳችሁ ነበር። ያኔ የፍርስራሹ ጥበቃ አልነበርኩ? በሩን ዘግቼ፣ የቲያትሩ ላይኛው ደረጃ ላይ ተቀምጠን ዳቦና ወይራ እየበላን፣ «ሐኪሞቹ ከዓመት በላይ አትቆይም ብለውኛል፤ ለሴቶቹ እንዳትነግር» አለኝ። በስትራቲስ አስማለኝ። … በልጄ እኮ ነው የማልኩት ኢልዜ! … እውነትሽን ነው። … አዎ፣ ማወቅ ነበረብሽ። ያን ሁሉ ጊዜ አብረሽው ትሆኚ ነበር። … ስደቢኝ ልጄ፣ ይገባኛል።

… ፈርቶ ነበር ወይ? … አልዋሽሽም፣ ፈርቶ ነበር። እንደ ሕፃን ነው ያለቀሰው። እጁን ይዤው ቆየሁ። ከዚያ ፊቱን በእጅጌው ጠረገና፣ ዱላዬን ተቀብሎኝ እያነከሰ እታች መድረኩ መሃል ወረደ። በአገራችሁ ቋንቋ ዘፈነ። አንዲት ቃል አልገባችኝም፤ ግን ትንፋሹ ሳይቀር እላይ ድረስ ይሰማኝ ነበር። … «ለኢልዜ እናት የሠርጋችን ቀን የዘፈንኩላት ነው» አለኝ። … ለካስ አንቺ ሰምተሽው አታውቂም?

… ዲያማንዶ? — ከመቼ ጀምሮ ነው በሩ ላይ የቆምሽው? … ሁሉንም?

ኢልዜ፣ ሰማችን።

— እንደዚያ አትዪኝ ዲያማንዶ፣ በስትራቲስ አስምሎኝ ነው። … እሺ፣ ውሸታም ነኝ። እሱም ውሸታም ነው። … እንኪ፣ አናግሪያት። … ያዢው እንጂ። …

… ሄሎ፣ ኢልዜ፣ እኔ ነኝ። ስልኩን ደረቷ ላይ ለጥፋ መለሰችልኝ። … — ምን ልበላት? … እሺ። … ልጄ፣ ትምጣ ትላለች። … ሌላ ምንም አይደለም። «ላለቅስለት እፈልጋለሁ፣ ብቻዬን ግን አልችልም» ነው የምትለው። … ትመጫለሽ? … ሄሎ? … ኢልዜ?

— አልተቋረጠም። እያለቀሰች ነው። … እሺ አለች ዲያማንዶ። እሺ ብላለች።

በይ ልጄ … አንቺ ቀድመሽ ዝጊው። እኔ እጄ እምቢ ብሎኛል።