ፕሮግራም በቀለም ሲነበብ

በ፲፱፻፺፩ ዓ.ም. ክረምት፣ አንድ ከሰዓት በኋላ በቦሌ ሚካኤል ሳልፍ ዝናብ ያዘኝና ከአንድ ቤት ታዛ ሥር ተጠለልኩ። ከጎኔ አንዲት ወጣት ቆማለች። አውሮፕላኖች ከደመናው ውስጥ ድምፃቸው ብቻ እየተሰማ ያልፋሉ፤ እኔ ሥራ ፈት በቁሜ ማለም ጀምሬ ነበር። በሩ ተከፈተና አንድ ሽማግሌ፣ “ግቡ እንጂ! ታዛ ለዶሮ ነው” አሉን።

አቶ ወልደጊዮርጊስ ይባላሉ። ከቄስ ትምህርት ቤት ተነሥተው፣ አንድ ኮምፒውተር አንድ ክፍል በሚሞላበት ዘመን ፕሮግራም መጻፍ የተማሩ፣ ጡረታ ከወጡም በኋላ ለሰፈሩ ክሊኒክ የሚሠሩ ሰው ናቸው። ፕሮግራማቸው የታተመበት ረጅም ወረቀት ከኮምፒውተራቸውና ከማተሚያው አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፤ መስመሩን በማስመሪያ እየተከተሉ ያነቡታል።

“ምን ገጠመዎት ጋሼ?” አለች ወጣቷ። ሚስኪ ትባላለች፤ ገርጂ ኮምፒውተር ታስተምራለች።

“ነገ የሚከተቡትን ሕፃናት ስም የሚያወጣው ፕሮግራም ነው። ከሳምንት ወዲህ አዲስ የተወለዱትን ይዘላል። ስህተት አለ ብሎ እንኳ አይናገርም። ሦስት ቀን አነበብኩት፤ አላገኘሁትም።” ድምፃቸው ዝቅ አለ። “ዛሬ ካልተስተካከለ የክሊኒኩ ሰዎች ፕሮግራሙን ያንሡልን ብለውኛል። እኔም በቃኝ፣ ሥራ አቆማለሁ። ደክሜያለሁ፣ ልጄ።”

ይህን ሲሉ አንጀቴን በሉት።

ሚስኪ ከቦርሳዋ ፍሎፒ አወጣች። “ይኼ ኮድ መጻፊያ ነው። ትእዛዙን በአንድ ቀለም፣ ቁጥሩን በሌላ፣ ማብራሪያውን ደግሞ በሌላ አድርጎ ያሳያል። ልጫንልዎት?”

“ቀለም የልጆች ነው! ደግሞስ ፕሮግራሜ ውስጥ ገብቶ ቢያበላሽብኝ?”

“አይገባም ጋሼ። ፋይሉ እንዳለ ነው፤ ቀለሙ ስክሪኑ ላይ ብቻ ነው። መነጽር ስላደረጉ መጽሐፉ ይለወጣል እንዴ?”

“ምላስሽስ!” ብለው ሳቁ። “ዋጋውስ?”

“በነፃ ነው።”

“እንግዲያው ይቅርብኝ። በነፃ የሚሰጥ ነገር ከጀርባው ተንኮል አያጣም።”

በዚህስ አልፈርድባቸውም፤ እኛ ስጦታን አገላብጠን ሳናይ የማንቀበል ሰዎች ነን። ደግነቱ ሽማግሌው ይጠይቃሉ፤ ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለ?

“ጋሼ፣ አያቴ አገር ወሎ እህል ሲደርስ ደቦ ይወጣል” አለች ሚስኪ ረጋ ብላ። “ለደቦ የመጣ ጎረቤት ምን ተንኮል አለው? ይኼንንም የሠሩት እንደ እርስዎ ኮድ የሚጽፉ ሰዎች ናቸው። ሲቸግራቸው ሠሩት፣ ከዚያ ለሁሉም አካፈሉት። የራሱም የውስጥ ኮድ አብሮ ይሰጣል፤ ከጠረጠሩ ገልጠው ያንብቡት።”

“የውስጡም ይነበባል? ሳይደብቁ?” አሉ በመገረም። ማስመሪያቸውን አስቀመጡ። “አሳዪኝ እስቲ።”

ሚስኪ ፍሎፒውን ከታ ፕሮግራማቸውን ስትከፍትበት፣ ጥቁሩ ስክሪን ላይ ቢጫ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ቃላት ቀስ እያሉ ብቅ አሉ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል፤ እኔ የመስከረም መስክ በመስኮት የማይ መሰለኝ። ደስ አለኝ።

ጋሽ ወልደጊዮርጊስ ከቄስ ትምህርት ቤት ያመጡት ልማድ አላቸው። መምህር ምሥጢር እንደሚያብራራ ሁሉ፣ ከእያንዳንዱ የፕሮግራሙ ክፍል በላይ ረጅም ማብራሪያ ይጽፋሉ። ማሽኑ እንዳይሠራበት በምልክት ይከፍቱታል፣ በምልክት ይዘጉታል። ስክሪኑ ላይ ማብራሪያው ሁሉ ሰማያዊ ነው። ቁልቁል ሲያነቡ ቆዩና ድንገት ቆሙ።

“ይኼ ለምን ሰማያዊ ሆነ? ይኼ እኮ ማብራሪያ አይደለም፤ አዲስ የተወለዱትን የሚፈልገው ትእዛዝ ነው!”

ሚስኪ መልሱን እያወቀች፣ ራሳቸው እንዲያገኙት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ጨዋነቷን ወደድኩላት።

“አገኘሁት!” አሉ ጣታቸውን ወደ ላይ መልሰው። “ባለፈው ሳምንት የጨመርኩትን ማብራሪያ ከፍቼ አልዘጋሁትም! ማሽኑም እስከሚቀጥለው መዝጊያ ያለውን ሁሉ እንደ ማብራሪያ ቆጥሮ አለፈው!”

ዘጉት። ማተሚያው እየጮኸ፣ ተዘልለው የነበሩትን የሠላሳ አንድ ሕፃናት ስም ጨምሮ አወጣ። ሽማግሌው አንድ በአንድ ሲያነቡ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

“ልጄ፣ ተሳስቼ ነበር። ይኼ ነገር ዓይን ያሳርፋል፣ ስህተትን በቦታው ያሳያል። ሦስት ቀን ያቃተኝን በሩብ ሰዓት አገኘሁት። እንደኛ ላለ አቅም ለሌለው ደግሞ የማንንም ፈቃድ ሳይለምን እጁ ይገባል። ቀለም የልጆች ነው ማለቴ ትዕቢት ነበር።”

እኔም እላለሁ፦ የተማረ ሰው ትልቁ ዕውቀት አዲሱን መሣሪያ ሳይሞክር አለመናቅ ነው።

ከዚያ ስልኩን አነሡና ወደ ክሊኒኩ ደወሉ። “ሲስተር ብርኽቲ፣ ፕሮግራሙ ተስተካክሏል። ሠላሳ አንድ ሕፃናት አሉ፤ እናቶቻቸውን ዛሬውኑ አስጠሪልኝ። ሥራ አቆማለሁ ያልኩሽንም እርሺው።”