በሐዘን ምክንያት ዝግ ነው

(ሐምሌ 29፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፦ ይርሳው የነጋዴውን ግብር እያዘጋጀ እንጀራ የሚበላባት አንዲት ክፍል ቢሮ፤ በሩ ላይ «በሐዘን ምክንያት ለሦስት ቀን ዝግ ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ የሰፈሩ እድር ዳኛ የሆኑት የባህል ልብስ ነጋዴዋ እትዬ አመለወርቅ ግን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ዘንቢል አንጠልጥለው፣ ይርሳውን ገፍተው ገብተው ተቀምጠዋል።)

አመለወርቅ፦ ማን እንደሞተብህ ሳልሰማ ከዚህ ወንበር ንቅንቅ አልልም!

ይርሳው፦ እትዬ፣ ነገርኩዎት እኮ። ዘመድ ነው። የሩቅ ዘመድ።

አመለወርቅ፦ ለሩቅ ዘመድ ግብር ሊዘጋ አንድ ቀን ሲቀረው ቢሮ ይዘጋል? አምና አባትህ ጋሽ እምሩ ቀዶ ጥገና ሲገቡ እንኳ ሐኪም ቤቱ ኮሪደር ላይ ቁጭ ብለህ የኔን ደረሰኝ ስትደምር አልነበር? ሐኪሙ «ተርፈዋል» ሲልህ «ስንት?» ያልከውን እስካሁን ሰፈሩ ያወራዋል።

ይርሳው፦ ደክሞኝ ነበር።

አመለወርቅ፦ ማን ነው የሞተው?

ይርሳው፦ አክስቴ ናት።

አመለወርቅ፦ እልፍነሽ? እልፍነሽንማ አሁን ስመጣ ሽንኩርት ሻጩን ቁም ስቅሉን ስታሳየው ትቻት ነው የመጣሁት።

ይርሳው፦ እሷ አይደለችም። በአባቴ በኩል።

አመለወርቅ፦ አባትህ እህት የላቸውም። አያትህ ስድስት ወንድ ወልደው፣ አንዲት ሴት ስጠኝ እያሉ ግሸን ሲመላለሱ ነው እግራቸው ያለቀ።

ይርሳው፦ አጎት ማለቴ ነው። ሐዘኑ አደናግሮኝ ነው።

አመለወርቅ፦ የትኛው አጎት? ሁለቱን እኔው ነኝ ያስቀበርኩት። ሦስቱ ደግሞ አሁን ድንኳኑን ተሸክመው እየመጡ ናቸው።

ይርሳው፦ የምን ድንኳን?

አመለወርቅ፦ «የምን ድንኳን» ይለኛል እንዴ! በርህ ላይ ሐዘን ብለህ ለጥፈህ እድሩ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ መሰለህ? ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ መጋዘኑ ተከፍቷል። ድንኳኑ ወጥቷል፣ አግዳሚው ወጥቷል፣ ትልቁ ብረት ድስት ወጥቷል። ይሄ ዝናብ አዘገያቸው እንጂ እስካሁን ተተክሎ ነበር።

ይርሳው፦ ያስቁሙልኝ እትዬ! በልጆችዎ ሞት ያስቁሙልኝ!

አመለወርቅ፦ አስቁሜ ምን ልበላቸው? ጸሐፊው የሟች ስም አምጪ ብሎ አንገቴ ላይ ቆሟል፤ መዝገብ ላይ መግባት አለበት። ስሙን ንገረኝ።

ይርሳው፦ ስሙ... ስሙማ... ክንፈ። ክንፈ ደርበው።

አመለወርቅ፦ ክንፈ ደርበው? ብረታ ብረት የሚሸጠው?

ይርሳው፦ አይ፣ ሞክሼ ናቸው።

አመለወርቅ፦ እስከ አባታቸው?

ይርሳው፦ ይገጥማል አንዳንዴ።

አመለወርቅ፦ አንተ ይርሳው! እዚያ ፊትህ ያለው ክላሰር ላይ የተጻፈውን አንብበህ ነው! ክንፈ እኮ የድንኳኑን ምሰሶ ትከሻው ላይ አድርጎ ከፊት እየመራ ነው። ሰውየውን የራሱን ለቅሶ ልታስደርሰው ነው?

ይርሳው፦ በቃ። የሞተ የለም።

አመለወርቅ፦ ምን አልክ?

ይርሳው፦ የሞተ ሰው የለም እትዬ። ውሸቴን ነው።

አመለወርቅ፦ ...እግዚኦ። እግዚኦ! እኔ ሱቄን ዘግቼ፣ በዚህ ጭቃ እየተንሸራተትኩ፣ ደግሞ እያለቀስኩ! ከድልድዩ ጀምሮ እኮ ነው እያለቀስኩ የመጣሁት! በሞት ይቀለዳል? ደንቡን አታውቅም? በሐሰት ለቅሶ እድሩን የጠራ ይባረራል፣ ስሙም በጉባኤ ይነበባል። ደንቡን ያረቀቅከው አንተው ነህ!

ይርሳው፦ አንቀጽ ዘጠኝ። አውቀዋለሁ። ግን እኔ እድሩን አልጠራሁም፤ እንዳይመጡብኝ ብዬ ነው እንጂ።

አመለወርቅ፦ ሐዘን ተብሎ ተለጥፎ ሰው አይመጣም ያለህ ማነው? የት አገር ነው ያደግከው?

ይርሳው፦ ምን ላድርግ? ሠላሳ አንድ ክላሰር! ያዩታል ይሄን ቁልል? አንዱም ያልጎደለው የለም። አንዱ ደረሰኙን ሲያመጣ የኪራይ ውሉን ይረሳል፣ ሌላው ውሉን ሲያመጣ የአከራዩ እንጂ የሱ ፊርማ የለበትም። ሁሉም ዓመቱን ሙሉ ተኝተው ሐምሌ ሃያ አምስት ሲሆን ባንዴ ይነቃሉ። ስልክ ነው፣ በር ማንኳኳት ነው። ትናንት ቤተ ክርስቲያን ስሳለም ከኋላዬ አንዱ «የኔ ምን ደረሰ?» አለኝ፤ ዘወር ስል የነፍስ አባቴ ናቸው! ለካ ሻማ ቤት ከፍተዋል።

አመለወርቅ፦ እሱስ እውነት ነው፣ ከፍተዋል።

ይርሳው፦ መጀመሪያ «ሥራ ላይ ነኝ» ብዬ ለጠፍኩ። «እንኳን ሥራ ላይ አገኘንህ» ብለው ገቡ። «ታምሜያለሁ» ብዬ ለጠፍኩ። ብርቱካን ይዘው መጡ። ብርቱካኑን ሳወጣ ከሥሩ ደረሰኝ! በሞት ካልሆነ የሚተወኝ የለም ብዬ... እትዬ፣ ያ ዘንቢል ምንድን ነው?

አመለወርቅ፦ የቱ?

ይርሳው፦ በነጠላዎ የሸፈኑት።

አመለወርቅ፦ ንፍሮ ነዋ! ለቅሶ ባዶ እጅ ይመጣል?

ይርሳው፦ ሲነኩት የሚንኮሻኮሽ ንፍሮ ነው?

አመለወርቅ፦ ሽንብራው ጠንክሮ ነው። ተው፣ አትንካ! ነውር ነው፣ የሴት ዘንቢል...

ይርሳው፦ አንድ እፍኝ ንፍሮ። ከዚያ ጋዜጣ። ከዚያስ? እትዬ አመለወርቅ! ይሄ ምንድን ነው?

አመለወርቅ፦ ...ሐዘኑም እኮ አሳስቦኝ ነው የመጣሁ። እግረ መንገዴን ግን፣ መቼም መምጣቴ ካልቀረ ብዬ...

ይርሳው፦ የዓመቱ በሙሉ?

አመለወርቅ፦ ከሐምሌ እስከ ሰኔ። አንድም አልቀረ። ምነው እንዲህ አየኸኝ? ከልቤ ነው ያለቀስኩት! ግማሹን ለሟቹ፣ ግማሹን «አሁን የኔን ማን ሊሠራልኝ ነው» እያልኩ።

ይርሳው፦ ደግሞ በንፍሮው ጨው ውሃ ርሰዋል። ይሄ የጥቅምት ነው፣ ከኅዳር ጋር ተጣብቋል። እዩ እስቲ! የእድር ዳኛ! የሰው ሬሳ ላይ ደረሰኝ!

አመለወርቅ፦ የምን ሬሳ? ሬሳ የለም ብለኸኝ የለም?

ይርሳው፦ እርስዎ ያኔ መቼ አወቁ! ይሄ የክር ግዢ ነው፣ ይሄ የመብራት... አሥራ ሁለት ዓመት ሠራሁልዎት። እስቲ አንድ ቀን ሐምሌ አንድ ቀን መጥተው ያውቃሉ?

አመለወርቅ፦ ሐምሌ አንድ ቀንማ ማን ይመጣል? ሰው ይታዘበኛል። የቸኮለች፣ የፈራችው ነገር አለ ይሉኛል።

ይርሳው፦ ይሄ ማኅተም የለውም። ወዲህ ይሁን። አሁን ምን ልሁን እትዬ? ሠላሳ አንዱም ደንበኞቼ የእድሩ አባል ናቸው። እስከ ነገ ማታ ካላደረስኩላቸው ይቀጣሉ። ዛሬ ውሸቴ ከወጣ ደግሞ ከእድር መባረሬ ብቻ አይደለም። ሞት ላይ የዋሸ ሰው ሒሳብ ላይ አይዋሽም ብሎ ወረቀቱን የሚሰጠኝ ማነው? ስሜ እኮ ነው ያለኝ። ሱቅ የለኝ፣ መኪና የለኝ። ይርሳው አይዋሽም ይላሉ፣ በሷ ነው ልጆቼን የማሳድገው።

አመለወርቅ፦ እሱን ወረቀቱን ሳትለጥፍ ነበር ማሰብ።

ይርሳው፦ ጭንቅላቴ መቼ አለና! ትናንት ትንሿ ልጄ «አባዬ» ብላ ብትጠራኝ «ቲን ቁጥርሽን አምጪ» አልኳት። አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። እናትየው ሁለታችንንም ትታን ገበያ ሄደች። ይሄ የጥር፣ ይሄም የጥር...

አመለወርቅ፦ ዝም በል እስቲ። ሰዎች ናቸው። ደርሰዋል።

ይርሳው፦ በመስኮት ይዩልኝ። ስንት ናቸው?

አመለወርቅ፦ ኧረ ሰፈሩ በሙሉ ነው! ክንፈ ምሰሶውን አስቀምጧል። ሦስቱ አጎቶችህ ጋቢያቸውን ተከናንበው ቆመዋል። የነፍስ አባትህም መጥተዋል፣ ጃንጥላ ይዘው... ቆይ፣ ቆይ።

ይርሳው፦ ምን አዩ?

አመለወርቅ፦ የክንፈ ብብት ሥር ቢጫ ፌስታል አለ።

ይርሳው፦ እ?

አመለወርቅ፦ ትልቁ አጎትህም ጋቢያቸው ሥር አንድ ነገር አብጧል። ቄሱ ደግሞ ጃንጥላውን ለራሳቸው ሳይሆን ለካርቶን ነው የያዙት። ኧረ ጉድ ነው! ያልያዘ የለም!

ይርሳው፦ ሁሉም እግረ መንገዱን ነዋ።

አመለወርቅ፦ አትሽሟጠጥ።

ይርሳው፦ አልተሽሟጠጥኩም። ከፍቶኝ ነው። እኔ እውነት ብሞት እንዲሁ ነው ማለት ነው? አስከሬኔ ራስጌ ላይ «የኔ ምን ደረሰ» ሊሉ ነው? የሚያለቅስልኝ አንድ ሰው የለም?

አመለወርቅ፦ ምን የሚሉት ነገር ነው! ያለቅሱልሃል እንጂ። ያ ክንፈ ልጁ ታሞ አዲስ አበባ ሲመላለስ ግብሩን ማን በነፃ ሠራለት? ቄሱስ አንብበው የማይገባቸውን ደብዳቤ ሁሉ ላንተ አይደል የሚያመጡት? እኔም ባሌ የሞተ ዓመት ሱቁ በማን ስም እንደሆነ እንኳ ሳላውቅ፣ እጄን ይዘህ ቢሮ ለቢሮ ያዞርከኝ አንተ ነህ። ወንድሜ ያን አላደረገልኝም። እንኳን ሞተህ፣ ስታስነጥስ ነው የምደነግጠው። ከሐምሌ ሠላሳ በፊት ብትሞትማ ከዚህ እስከ ሐይቅ የሚሰማ ነው የምናለቅሰው።

ይርሳው፦ ...የመጋቢቱ አንድ ጎደለ መሰለኝ። አይ፣ ይሄው።

አመለወርቅ፦ ሰማህ? ጸሐፊው ነው መስኮቱን የሚደበድበው። የሟች ስም ይላል። ምን ልበለው?

ይርሳው፦ ምንም አይበሉት። እኔው ወጥቼ እውነቱን እነግራቸዋለሁ።

አመለወርቅ፦ ያባርሩሃል።

ይርሳው፦ ያባርሩኝ። ወረቀት ላይ አልዋሽም ብዬ ስመጻደቅ ነው የኖርኩት። በር ላይ የተለጠፈውስ ወረቀት አይደለም? እርስዎን በዝናብ አስለቅሼ፣ እነዚያን ሽማግሌዎች ብረት አሸክሜ... አፍሬያለሁ እትዬ። ልውጣ።

አመለወርቅ፦ ቁጭ በል!

ይርሳው፦ እትዬ...

አመለወርቅ፦ ቁጭ በል ብዬሃለሁ! ሥራህን ሥራ። ዳኛዋ እኔ ነኝ ወይስ አንተ? ይሄ መስኮት እንዴት ነው የሚከፈተው? ...ስሙኝማ! ጸሐፊ፣ መዝገቡን እጠፈው! የሞተ የለም! አዎ፣ የለም ነው የምለው! ይርሳው ነው የዋሸው፤ የዋሸውም እናንተን ሸሽቶ ነው! ምን አልክ ክንፈ? ጮክ በል! «በሞት ይቀለዳል ወይ»? እኔም እንደዚሁ ብዬው ነበር። አንተ ግን ብብትህ ሥር ያለው ቢጫ ፌስታል ምንድን ነው? ንፍሮ ነው?

ይርሳው፦ ምን አለ?

አመለወርቅ፦ ምን ይላል! ምሰሶውን እያቀፈ ነው። ...አባቴ፣ እርስዎም ካርቶኑን አይደብቁት፣ አየሁት! በጋቢ ሥር የያዛችሁም! ይርሳው የሌለ ሬሳ አስለቀሰን፣ እኛም ለሬሳው ደረሰኝ ይዘን መጣን። አሁን ማን ነው ማንን የሚያባርረው? እስቲ ባዶ እጁን የመጣ ሰው እጁን ያውጣ! ...የለም? በሉ ድንኳኑን ትከሉት!

ይርሳው፦ ኧረ እትዬ፣ የምን ድንኳን ነው ደግሞ?

አመለወርቅ፦ ዝም በል፣ ሥራህን ሥራ። ...አግዳሚውን ደርድሩ! ለቅሶ እንደተቀመጠ ሰው፣ ትንፍሽ ሳትሉ ትቀመጣላችሁ! ስልክ የለም፣ በር ማንኳኳት የለም! ስሙ የተጠራ ብቻ የጎደለውን ወረቀት ይዞ ይገባል! የተጋፋ ሰው ለቅሶ እንደረበሸ ተቆጥሮ በእድሩ ይቀጣል! እልፍነሽ መጣሽ? ብረት ድስቱ ወጥቷል፣ ሽሮ ጣጂበት፤ ነገም እዚሁ ነን! ይርሳው ደግሞ እስከ እንቁጣጣሽ በየለቅሶው አግዳሚ ይሸከማል! ተስማማችሁ? ...ተስማምተዋል።

ይርሳው፦ አላባረሩኝም?

አመለወርቅ፦ እየተሳሳቁ ነው። ትልቁ አጎትህ «እኔን ነው ወይ የገደለኝ» እያሉ ይጠይቃሉ።

ይርሳው፦ እንዲህ ፀጥ ብለው አይቻቸው አላውቅም። እሰይ! እሰይ እትዬ! ዛሬና ነገ እንዲህ ከተቀመጡ እኮ ሠላሳ አንዱም ያልቃል! ምን ላድርግልዎት? በሉ፣ የፈለጉትን ቢሉም ይበሉ፣ መጀመሪያ የእርስዎን ነው የምሠራው።

አመለወርቅ፦ የኔን? እስቲ እጅህን እየው።

ይርሳው፦ ምን ሆነ እጄ... አሥራ ሁለቱም ወር? ድምሩም? ይሄን መቼ ሠራሁት?

አመለወርቅ፦ ስታለቅስ ነዋ! አንተ እጅህ ላይ ወረቀት ካስቀመጡልህ አፍህን እንጂ እጅህን አታቆምም። በል እዚህ ጋ ፈርምልኝና ልውጣ፤ ደጅ ሠላሳ ሰው ተቀምጧል፣ በወሬ አትያዘኝ።