ከጠርሙሱ ጀርባ

ከሮቤ ወደ ጎባ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡ አንዲት አዛውንት የጁስ ጠርሙስ ከፌስታል አውጥተው አጠገባቸው ለተቀመጠች ወጣት ሰጧት።

«ልጄ፣ እስቲ አንብቢልኝ። ሽማግሌዬ ስኳር በሽታ አለበት፤ መድኃኒት እየወሰደም አልወርድ አለው።»

«‹ስኳር አልተጨመረበትም› ይላል፣ አዴ።»

«እሱንማ ባለሱቁም ነግሮኛል። የሃረና ማሩን ደብቄበት ይሄን የምገዛለት ለዚሁ አይደል!»

«ጀርባው ላይ ግን ሃያ ስምንት ግራም ስኳር ይላል። ከራሱ ከፍራፍሬው የመጣ ነው።»

«ያ ረቢ! በቀን ሁለት ጠርሙስ ነው የማጠጣው። እየመረቀኝ ነው እኮ የሚጠጣው!»

«በቃ ይተዉት። ጣፋጭ ካማራቸው አንድ ብርቱካን ልጠው ይስጧቸው።»

«አንድ ብቻ? እሱ እንደሆነ ግማሹን ለእኔ ሳያካፍል አይበላም።»

«እንግዲያው ግማሹ ይበቃቸዋል።»

ጎባ እስክንደርስ ለእናቴ የያዝኩትን ብስኩት ጭኔ ላይ ገልብጬ ደቃቁን ጽሑፍ ሳነብ ነበር።